ቦርጬና የእማ ቅቤ

በእኛ አገር ቦርጭ ይመረቃል እንጂ አይነቀፍም። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ቆርቆሮና ምስማር እሸጣለሁ፤ ሆዴ ባንኮኒው ላይ መቀመጥ ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነበር። የሚያየኝ ሁሉ «ማሻአላህ ሰዲቅ፣ ተመችቶሃል» ይለኛል እንጂ አንድም ሰው «ኧረ ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ብሎኝ አያውቅም። እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬው ነበር። ከቤት ሱቅ በባጃጅ፣ ከሱቅ መስጊድ በባጃጅ፤ መስጊዱ ደግሞ ከሱቄ ቢጣሩ የሚሰማ ቦታ ነው። ሻይ ሲመጣልኝ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ ካላየሁት መልሼ እልከዋለሁ።

ጎረቤቴ በላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቃችን አንድ ግድግዳ ይጋራል። እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም፣ እሱ ሸንበቆ እኔ እንዲህ። ሱሪዬ በጠበበኝ ቁጥር ጎኑን ተርትሮ ጨርቅ የሚጨምርበት እሱ ነው። አንድ ቀን ሱሪውን አገላብጦ አየና «ሰዲቅ፣ ይኼ ሱሪ ከእንግዲህ የሚተረተር ጎን የለውም። ወይ ሌላ ሱሪ ግዛ ወይ ሌላ ሆድ ፈልግ» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ያኔ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

ሳቄን የቀማኝ የአጎቴ ቀብር ነው።

የተወለድኩት ጨፌ የምትባል መንደር ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ መኪና የሚቆምበት ጫፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ብቻ ነው፣ ቁልቁል ወደ ቆላው። እናቴ እናኑ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ከተማ እንድትገባ ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ «እኔ ሰው ከሰው ተጣብቆ የሚኖርበት ቦታ አልችልም» ብላ ቀረች። ወንድሞቼ ባሕር ተሻግረው በዚያው ቀሩ። ከእማ ልጆች እግሩ ጨፌ ሊደርስ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም የምሄደው በዓመት አንዴ ለአረፋ ነበር፣ ያውም በተከራየሁት በቅሎ።

ይሁን እንጂ ከጨፌ ቅሬ አልወጣሁም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የእኛ ቅሬ የሞተ ይቀብራል፤ የታመመ ሰው ሲኖርም በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን ያወጣና መኪና ጫፍ ያደርሳል፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። ትልቁ ሕጉ ትከሻ ነው። ወንድ የሆነ ሁሉ ተራው ሲደርስ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር ያገባል። ትከሻ የማይሰጥ ወይ ያረጀ ነው ወይ የታመመ። ሦስተኛ ምክንያት ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም።

የጨፌ መቃብር ያለው ከዚሁ ዳገት አናት፣ መስጊዱ ጎን ነው። አጎቴ የሞተ ቀን ጀናዛውን ይዘን ወጣን። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ተራዬ ደረሰና ከፊት በኩል ገባሁ። ጥቂት እንደተራመድኩ ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ፤ ዓይኔ ጨለመ። ጀናዛው ወደ እኔ አዘነበለ። ሰው ሁሉ «ኢና ሊላሂ» አለ። አንዱ ጎረምሳ ዘሎ ባይቀበለኝ ኖሮ አጎቴን እዚያ ገደል ውስጥ ጥዬው ነበር።

የቅሬያችን ዳኛ ኑርሁሴን ይባላል፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ገበሬ ነው። ሰው እንዳይሰማ ጠጋ አለና «ሰዲቅ፣ አንተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀስ እያልክ ና» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይባስ ብሎ ሽማግሌዎቹም ጥለውኝ ሄዱ። መንገዱ ዳር አንድ ወይራ አለ፤ ሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ ትንፋሼን ስፈልግ ቆየሁ። አናቱ ላይ ስደርስ ሰው አፈሩን ከእጁ እያራገፈ ነበር። የገዛ አጎቴ መቃብር ላይ አንድ እፍኝ አፈር አልጣልኩም።

እማ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ከደጃፏ ዳገቱ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሁሉን አይታለች። ብቻችንን ስንቀር እንዲህ አለችኝ።

«ልጄ፣ የኔም ቀን ሲመጣ እንዲሁ እንደ እንግዳ ከኋላ ልትመጣ ነው?»

ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ጥያቄ አልለቅ አለችኝ። እናቴ አርጅታለች። ከደጃፏ እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት የሚያጥር አይደለም። ስትሞት ሌላ ሰው ተሸክሟት እኔ ወይራው ሥር ተቀምጬ ሳለከልክ ታየኝ፤ እንደዚያ ከሚሆን እኔ ብቀድም ይሻላል አልኩ።

የበላይ የእህት ልጅ መቅደላዊት ነርስ ናት። ሄድኩና አየችኝ። ደሜን ወሰደች፣ ወገቤን ለካች፤ ሜትሩን ስታነብ ፊቷን ላለመቀየር ስትታገል አየኋት።

«ጋሼ ሰዲቅ፣ ስኳር በሽታ ቤት ገና አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆመዋል» አለችኝ።

«እኔ የምፈልገው ይቺን ሆድ ብቻ እንድታጠፊልኝ ነው። ሌላው ሰውነቴ ምንም አላደረገኝም።»

ሳቀች። «ሰውነት ከዚህ ቦታ ብቻ ቀንስ ቢሉት አይሰማም። ከሁሉም ቦታ ነው የሚቀንሰው፤ ሆድ ደግሞ ግትር ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። እንዳይራቡ። በእርስዎ ዕድሜ ጡንቻ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ነው፤ ተርበው ብቻ ከከሱ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። ከዚያ ትከሻውን ከየት ያመጡታል?»

ትከሻ ስትል ደነገጥኩ፤ ነገሩን አልነገርኳትም ነበር። አጎቷ በላይ አውርቶላት ኖሯል። በእግሬ እንድሄድ፣ ከባድ ነገር እንዳነሳ፣ ባቄላና ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመን እንድበላ፣ እንጀራውን እንድቀንስ፣ ስኳሩን እንድረሳው መከረችኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ልትጨርስ ስትል ተቆጣሁ። ቀስ በቀስ የሚባለው ጊዜ ላለው ሰው ነው፤ እኔ እናት አለችኝ።

እናም የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆንኩ። ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመርኩ፤ ሱና ነው፣ አጅርም አለው፣ ሆድም ይቀንሳል አልኩ። ቀኑን እንደምንም አሳልፈዋለሁ። መግሪብ ሲሆን ግን ባለቤቴ ሀዲያ ተምሩን፣ ሳንቡሳውን፣ ሾርባውን ደርድራ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ ደግሞ እራት አለ። ቀን የቀረብኝን ብቻ ሳይሆን የነገንም ጨምሬ እበላለሁ። ሱቅ ውስጥ ራሴን እያዞረኝ አንዱ ደንበኛ ምስማር ሲጠይቀኝ ማጠፊያ ሰጥቼው ተጣላን። ወሩ ሲያልቅ በላይ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞረና ወደ ላይ አየ።

«ሰዲቅ፣ ጨምረሃል።»

«ወላሂ እየጾምኩ ነው።»

«እኛስ ሁለት ወር ሙሉ ጾመን የፋሲካ ሰሞን ምን እንደምንሆን አይተህ የለም? ጾም ለነፍስ ነው፤ ለሱሪ ብለህ ከያዝከው ማታ ያስከፍልሃል።»

ንዴቴን ዋጥኩት፤ እውነቱን ነው። አላህም ያውቃል፣ ለእሱ ብዬ አልጾምኩም። አውፍ በለኝ፣ ማረኝ ብዬ እንደገና ከሀ ጀመርኩ፤ ይህን ጊዜ መቅደላዊት እንዳለችኝ።

ባጃጁን ተውኩ። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ሰሞን አፌን ይዤ ልተፋው ምንም አልቀረኝም፤ በኋላ ለመድኩት፤ አሁን ስኳር ያለበት ቢሰጡኝ ያቅለሸልሸኛል። ሀዲያ ሽሮውን ዘይት ቀንሳ፣ ጎመኑን አብዝታ ታቀርብልኛለች፤ እንጀራው ግማሽ ሆነ። ሲሚንቶና ምስማር ሲመጣ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተሰልፌ እሸከማለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ኩንታሉ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የአጎቴን ጀናዛ ያሰብኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አውራጆቹ እንጀራቸውን የምቀማቸው መስሏቸው አኮረፉ፤ የእነሱ ድርሻ እንዳልተነካ ሲያዩ ደግሞ «ሰዲቅን ምን ነካው?» እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር።

ከሁሉ የበለጠው ግን የእሁዱ መንገድ ነው። እሁድ ሱቅ አልከፍትም። ጥቁር ጃንጥላዬን ይዤ በጠዋት ወደ ጨፌ እወርዳለሁ፤ እማን አይቼ ከሰዓት እመለሳለሁ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል፣ ዳገቱ ልብ ያወጣል፤ ለሥራዬ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የምሸከምበትን መንገድ ድንጋይ በድንጋይ አወቅኩት። መጀመሪያ ሰሞን ስመለስ በየጥጉ እቆም ነበር፤ ወይራው ሥር ስደርስ ደግሞ ቁጭ ማለት የግድ ነበር። ለምን እንደምመላለስ ለእማ አልነገርኳትም። ምን ልበላት? ቀብርሽን እየተለማመድኩ ነው ይባላል?

እሷ ደግሞ ቅቤ ይዛ ጠበቀችኝ።

እናት ቤት ሄዶ አልበላም ማለት በእኛ ዘንድ የለም። ገንፎው መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይሞላበታል፤ ቅቤው ሲጎድል ደግማ ትሞላለች። «በሞቴ» ትላለች፤ በሞቷ ከተባልኩ እንዴት እተዋለሁ፣ እኔ የምለፋው ለሱው አይደለም እንዴ። ሳምንቱን ሙሉ በሽሮና በጎመን የቀነስኩትን እሁድ አንድ ገበታ ላይ ትመልስልኛለች። ስነሳ ደግሞ ቅቤ የጠጣ ጭኮ በጨርቅ ቋጥራ ታሲዘኛለች። ጭኮውን ዳገቱ ላይ ላገኘሁት መንገደኛ ሁሉ እያደልኩ ነው የምወጣው። ለእሷ ግን «ጣፈጠኝ፣ ጨረስኩት» እላታለሁ። በመጪው እሁድ ቋጠሮው ይተልቃል።

እንዲያም ሆኖ ዓመት ሲሞላ ሰውነቴ ወረደ። በላይ የጨመረውን ጨርቅ ሁሉ መልሶ አወጣው። ፊቴ ጠቆረ፤ ጉንጬ ገባ፤ አንገቴ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ይዞር ጀመር። እኔ ደስ ብሎኛል፤ መቅደላዊትም ደሜን አይታ «ከደጃፉ ርቀዋል» አለችኝ። አገሩ ግን ሌላ ነገር አየ። እዚህ ሰው ከወፈረ ተመቸው፣ ከከሳ ታመመ ነው። አንዱ ሳንባውን ነው አለ፤ ሌላው ከስሮ ነው፣ ኩንታል መሸከም ጀምሯል እኮ አለ። የሀዲያ ጓደኞች «ኧረ አብዪው» ብለው መከሯት፤ እሷም ማታ መጥታ አፈነዳችው። «አንተ ለሆድህ ስትል እኔ ባሏን የምታስርብ ተባልኩ» አለችኝ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት» እላለሁ። ማን ያምነኛል? ሆን ብሎ የሚከሳ ሰው በጨፌም በመካነ ሰላምም ታይቶ አያውቅም፤ እሺ፣ እሺ እያሉ በሐዘን ዓይን ያዩኛል።

አንድ እሁድ ዳገቱ ጫፍ ላይ ብቅ ብዬ ወደ ታች ሳይ፣ የእማ ደጃፍ በሰው ተሞልቷል።

ነጭ ለብሰዋል። ኑርሁሴንን በአቋሙ ለየሁት። ሰው በጠዋት እናቴ ደጃፍ ምን ያሰባስበዋል? ያ ረቢ፣ ደረሰ አልኩ፤ ያን ያህል ለፍቼ ሳልሰናበታት ሄደች አልኩ። ጃንጥላዬን አጥፌ ቁልቁለቱን ሩጫ ጀመርኩ። ድንጋይ እየዘለልኩ፣ ወይራውን አልፌ፣ ጫማዬ ወልቆ መልሼ አጥልቄ፣ እያለቀስኩ ደረስኩ። ሰዉን ጥሼ ስገባ እማ ጎጆዋ መሀል ቁጭ ብላለች፤ ገንፎ ታማስላለች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያስሮጥሃል?» አለች።

ቁጭ አልኩ። ኑርሁሴን እጄን ይዞ ሸሆቹ መሀል አስቀመጠኝና «ሰዲቅ፣ ሕመምህን ብትደብቀንም ቅሬው ሰምቷል። እናትህ ለምናን ዱአ ልናደርግልህ ነው የመጣነው» አለኝ። በግ ታርዷል። ማር የያዘ አለ፣ ቅቤ የያዘ አለ። ታችኛው ሰፈር ያሉት ክርስቲያን የቅሬ አባላት ሳይቀሩ ሙክት ለማረድ ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

አልታመምኩም ብዬ ማልኩ። «በሽተኛ ሁሉ እንዲያ ይላል» አለ አንዱ ሽማግሌ። ከዚያ እጅ ተዘረጋ፤ ትልቁ ሸኽ ረጅም ዱአ አደረጉ። «ያ አላህ፣ የባሪያህን ሥጋ መልስለት። ጉንጩን ሙላለት። እንደ ድሮው አወፍረው» ሲሉ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ አሚን አለ። አጠገቤ የተቀመጠው አሚን አለማለቴን አይቶ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ምን ላድርግ፤ ዱአ ላይ ዝም አይባልም፤ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በገዛ አፌ አሚን ብዬ አፈረስኩት። ኑርሁሴን ሊወጣ ሲል «ከእንግዲህ ትከሻ የለብህም፤ ቅሬው ምሮሃል። አላህ ያሽርህ» አለኝ። ወፍራም ሆኜ ከሽማግሌዎች ጋር ተመደብኩ፣ ስከሳ ደግሞ ከበሽተኞች። ያን ቀን ዳገቱን የወጣሁት በንዴት ነው፤ የት እንደረገጥኩም አላስታውስ።

ክረምት ገባ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ፤ ከጨፌ የደወለው ኑርሁሴን ነበር። እማ ምንጭ ስትወርድ ጭቃ አንሸራትቷት ወድቃለች፣ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል፤ አምቡላንስ መኪና ጫፍ ድረስ እንዲመጣ ተነግሯል፤ ቅሬው ተጠርቷል። ሱቁን ለበላይ ትቼ ወጣሁ።

ስደርስ እግሯን በእንጨት ደግፈው አስረው፣ ቃሬዛው ላይ አስተኝተዋት፣ ላስቲክ አልብሰዋት ሊነሱ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጥርሷን ነክሳለች። ጃንጥላዬን ጥዬ ከፊት በኩል ገባሁ። ኑርሁሴን ደረቴን ያዘ።

«ሰዲቅ፣ አይሆንም። ዱአ የተደረገለት ሰው ትከሻ አይሰጥም። ጭቃ ነው፣ እሷንም ራስህንም ትጥላለህ። ከኋላ ና።»

«አልታመምኩም እያልኩህ!»

«እሺ፣ ከኋላ ና» አለኝ፤ ያችኑ በለሆሳስ የምትባለዋን አነጋገር። ሌላ ሰው በቦታዬ ሊገባ ጠጋ አለ። ያን ጊዜ ልመታው ነበር፤ አልዋሽም። አንድ ዓመት የቀነስኩት፣ የተሸከምኩት፣ መራራ ሻዩ፣ ሁሉም ለዚች ሰዓት ነበር፤ ሰዓቷ መጥታ ሊያሳልፉብኝ ነው።

«ኑርሁሴን» አለች እማ ከቃሬዛው ላይ። «ተወው፣ ይያዘኝ። ልጄ አልታመመም።»

«እትዬ እናኑ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ዱአ ያስደረጉለት?»

«እኔ ነኝ።» የቃሬዛውን እንጨት ጨበጠች። «ግን አልታመመም። እሁድ እሁድ ሲመለስ ከደጃፌ አየዋለሁ። ቅርቡን እንጂ ሩቁን ማየት አላቃተኝም። ጃንጥላው ድሮ ወይራው ሥር ይቆም ነበር። ተነስቶ እስኪሄድ እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። አሁን አይቆምም። ጫፍ ድረስ አንድ ጊዜ ሳይቆም ነው የሚወጣው። በሽተኛ እንዲያ አይወጣም።»

ኑርሁሴን እጁን ከደረቴ ላይ አነሳ። እኔም ትከሻዬን ከእናቴ ሥር አገባሁ።

እማ አትከብድም። ሲሚንቶ ከእሷ ይከብዳል። ጭቃው ግን እግር ይይዛል፤ ዝናቡም ጀመረ። «ተቀበለው» ሲሉ እቀየራለሁ፣ ትንሽ ሄጄ መልሼ እገባለሁ። ልቤ ይመታል፤ የሚመታው ግን ቦታው ሆኖ ነው። ወይራው ጋ ስንደርስ ቃሬዛውን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሳርፈን ሰዉ ትንፋሹን ሊሰበስብ ዞር ዞር አለ። እኔ ላስቲኩን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ።

«እማ፣ እንዳልታመምኩ እያወቅሽ ሰውን ሁሉ ለምን ሰበሰብሽ? ያ ሁሉ ቅቤስ?»

ፊቷን አዞረች። የሕመሙ መስሎኝ ነበር፤ አፍራ ነው።

«አጎትህ ሳይሞት በፊት በዓመት አንዴ ነበር የማይህ» አለች። «ያውም በቅሎዋ ሳትራገፍ ትነሳለህ። ሆድህ ካስቸገረህ ወዲህ እሁድ እሁድ ትመጣለህ። ደስ አለኝ። ከዚያ እያየሁህ መቅለል ጀመርክ። ሆዱን ሊቀንስ የመጣ ልጅ ሆዱ ሲሄድለት ምን ብሎ ይመጣል? ድነህ እንዳትቀርብኝ ነው ቅቤውን የማበዛው። ቅቤው እምቢ ሲል ዱአ ያወፍረው ይሆናል አልኩ።»

ከአጠገቤ ሰው ባይኖር ኖሮ ጮኼ አለቅስ ነበር። ሳቅም መጣብኝ፤ ሁለቱ አብረው መጡብኝ።

«እማ፣ እኔ እኮ የምመጣው ለሆዴ አልነበረም። ቀንሽ ሲደርስ ልሸከምሽ ብዬ ነው። ‹እንደ እንግዳ ከኋላ ልትመጣ ነው ወይ› ብለሽኝ የለም?»

«ሞኝ» አለችኝ። እጇን አውጥታ የአንገቴን አጥንት ዳሰሰችው፤ ዝናቡ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። «ለሞቴ ትከሻ ይጠፋል? ቅሬው ሙሉ ወንድ ነው። ከሞትኩ ማን እንደተሸከመኝ በምን አየዋለሁ? እኔ ያልኩህ በቁሜ ና ነው።»

ሰዉ ተመለሰ። ተሸካሚ ሲደለደል ማንም ምንም ሳይለኝ ከፊት በኩል ያለው ቦታ ክፍት ሆኖ ጠበቀኝ። ከወይራው እስከ ጫፉ ያለውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ መንገዱ አጠረብኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ገንፎዋን እንደ ጠላት ስቆጥር፣ ጭኮዋን ለመንገደኛ ሳድል፣ ዓይኔ ያለው ዳገቱ ላይ ነበር። ደጃፏ ላይ ቆማ የምታየኝን ሴት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ እጄን አላውለበለብኩላትም።

አምቡላንሱ ጫፉ ላይ ቆሞ ነበር። አግዘን አስገባናትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኑርሁሴን በሩን ከመዝጋቱ በፊት ጃንጥላዬን አቀበለኝ፤ ጥያት የመጣሁትን ይዞልኝ ወጥቷል። «ሰዲቅ» አለኝ፣ «ትከሻህ ተመልሶልሃል።» መኪናው ተነቃነቀ። እማ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ከፈተች።

«አጥንቱ እስኪገጥም አንተ ቤት እሆናለሁ። ሲገጥም ግን አገሬ እገባለሁ።»

«እሺ እማ።»

«ያን ጊዜ እሁድ እሁድ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ። ብወፍርም ብከሳም እመጣለሁ። ቅቤውን ብቻ ቀንሺልኝ።»

አሰበችበት። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አሰበችበት።

«አልቀንስም» አለች።